አባቴ የግላኮማ ጠብታውን ትቶታል፣ የሳይኮሎጂ ህክምና ይረዳዋል?

የአራዳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን እየጎዳ እይታ የሚቀንስ በሽታ) ካለበት ቆይቷል፣ ዶክተሯ የጠፋው እይታ አይመለስም ጠብታው ግን የቀረውን ያቆይልሃል ካለችው በኋላ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠ። ድሮ ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሩ ነበር የሚሄደው፣ አሁን ጊዮርጊስን እንኳን ሳይሳለም ይውላል፣ ጋዜጣው እንደታጠፈ ጎኑ ተቀምጦ ዝም። ጠብታህን አድርገሃል ወይ ስለው "ለምኑ ብዬ" ይለኛል። ባለፈው ቀጠሮ የዓይኑ ፕሬዠር ጨምሮ ተገኘና ሌላ ጠብታ ጨመሩለት፣ ለምን እንደተወው ግን ማንም አልጠየቀውም፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ሳይኮሎጂስት ጋ ልውሰደው ስል ደግሞ ወንድሜ "አባዬ መች አበደ" አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

ሲስተር ከቀበና፦
ውሰጂው እህቴ። የዓይን ክፍል ነው የምሰራው፣ አብዛኛው ግላኮማ አያምም፣ ጠብታውም ስታደርጊው የሚታይ ለውጥ የለውም፣ ዕድሜ ልክ በየቀኑ አድርግ የተባለ ሰው ልቡ ከወደቀ ይተወዋል። ድባቴ እነሱ ላይ ብዙ ነው፣ ስትጠይቂያቸው ግን "ረሳሁት" ነው የሚሉሽ። ብቻ የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘለት ግላኮማ እንዳለበት የግድ ተናገሪ፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለው የዓይኑ ፈሳሽ መውጫ ጠባብ የሆነ ሰው ላይ ፕሬዠሩን በአንዴ ሊያስነሳ ይችላል።

ታካሚ ነኝ፦
እኔም ግላኮማ አለብኝ። ሰው ሁሉ አይዞህ ይለኛል፣ ሳይኮሎጂስቷ ግን ምንድነው የሚያስፈራህ አለችኝ፣ ልጆቼ ላይ ሸክም መሆን ነው አልኳት፣ ከዛ ነው ነገሩ የተፈታልኝ። ጠብታውን ከጠዋት ቡና ጋር አያያዝነው፣ የማታዋን ጠርሙስ በእጄ እንድለያት ላስቲክ አሰርንባት። አባትሽን አንቺ አታድርጊለት፣ እራሱ ጠብ ያድርግና ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫው ጋ ያለችውን ጥግ ሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ይበል። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ ከከበደው ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ህክምና አለ።

ማሂ፦
የሌለ ነገር ይታየው እንደሆነም ቀስ ብለሽ ጠይቂው! እናቴ ዓይኗ ሲደክም ቤት ውስጥ የሌሉ ሰዎች ይታዩዋት ነበር፣ አበደች እንዳንላት ደብቃን ኖረች። ቻርልስ ቦኔት ሲንድረም ይባላል፣ ዓይን ሲደክም አእምሮ ራሱ ምስል ሲፈጥር ነው፣ እብደት አይደለም። ሐኪሙ ይሄን ሲነግራት እንዴት እፎይ እንዳለች።

የአራዳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ለወንድሜ አስነበብኩት። ሲስተር ሪፈር ያስፈልጋል?

ሲስተር ከቀበና፦
የዓይን ሐኪሟ እንድትጽፍልሽ ጠይቂያት፣ የጠብታዎቹን ስምም ታስፍርበት። አንቺና ወንድምሽም የዓይን ፕሬዠራችሁን ተለኩ፣ በዘር ይሄዳል።