የቲማቲሜ አበባ እየረገፈ ነው፤ የአዳማን ሙቀት የምታውቁ እርዱኝ

ጥያቄ (አዲስ ገቢ፣ ፍራንኮ አካባቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን አዳማ ከመጣሁ ገና 7 ወሬ ነው። እዚያ ጠላቴ ውርጭ ነበር፤ እዚህ ነገሩ ተገላበጠብኝ። ጥር ላይ 8 እግር ቲማቲም፣ ቆስጣና ናና ተከልኩ። ግቢያችን ሊሾ ስለሆነ ግማሹ በጥቁር ባልዲ ነው፤ ሌላው አጥር ጥግ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ነው።

አሁን መጋቢት ሊያልቅ ነው። ቲማቲሙ ደረቴ ደርሷል። አበባ በአበባ ነው፤ ግን ከነአንገቱ ይረግፋል። አንድም ፍሬ የለም! ቆስጣው ደግሞ 7 ሰዓት ሲሆን እንደ ተቀቀለ ይተኛል። ደንግጬ በቀን ሦስት ጊዜ አጠጣለሁ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ ሮቶው በሁለት ቀን ያልቃል፤ ባለቤቴም ማጉረምረም ጀምሯል። ቤቱ ራሱ ከሰዓት በኋላ ምጣድ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ (ወንጂ ያደግኩ፣ አሁን ቦኩ)

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ለቆስጣው አትደንግጪ። ቀን ተኝቶ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቀና ካለ ጤነኛ ነው፤ ሰፊ ቅጠል ፀሐይ ሲበረታበት ይዝላል። ማታም ጠዋትም እንደተኛ ከቀረ ያኔ ተጠምቷል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥብ ከሆነ ባልዲሽን አስቀምጪ።

የአዳማ አፈር ቀላል ነው፤ ውሃ አይዝም። ነፋሱ ደግሞ አለ። ይቺ ከተማ እኮ ነፋሷን መብራት አድርጋ የምትሸጥ ናት፤ ከኮረብታው ላይ ያሉትን ተሽከርካሪዎች አይተሻል። ያ ነፋስ ያንቺንም ባልዲ ያደርቃል። ስለዚህ አፈሩን ራቁቱን አትተዪው። አራት ጣት የሚሆን ጉዝጓዝ አልብሺው፤ የጤፍ ጭድም ይሁን የሸንኮራ ቅጠል። ግንዱን ብቻ እንዳይነካ። ከላይ ደግሞ ማዳበሪያ ጣይበት።

ጠያቂዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ማዳበሪያው ዩሪያ ነው ወይስ ዳፕ? ለአንድ ባልዲ ስንት ማንኪያ?

መልስ (ቦኩ)

ኧረ በፈጠረሽ! ባዶ ጆንያውን ማለቴ ነው! ነጩን ማዳበሪያ ቀደሽ እንደ ዳስ ወጥሪው። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ይቀንስልሻል።

መልስ (የአትክልት ባለሙያ፣ መልካሳ አካባቢ)

ጥሩ ጊዜ ጠየቅሽ 😄 ዩሪያ ጨምረሽ ቢሆን ኖሮ ቲማቲሙ ጣሪያ ይደርስ ነበር፤ ፍሬ ግን አሁንም አይኖርም። ደረትሽ የደረሰው ራሱ ፍግ በዝቶበት ይመስለኛል። ፍግ ሲበዛ ቅጠል ነው የሚሰጥሽ።

ዋናው ነገር ግን በሽታም የውሃ እጥረትም አይደለም። የቲማቲም አበባ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። የቀኑ ሙቀት ከ32–35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ከ21 በታች አልወርድ ሲል የአበባው ዱቄት ይበላሻል፤ አበባው ሳይዳቀል ይረግፋል። ቃሪያም እንደዚሁ ነው። «አዳማ እኮ 35 ብዙም አይደርስም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሜዳ ላይ አይደርስም። ያንቺ ባልዲ ግን ሊሾ ላይ፣ ከብሎኬት አጥር አጠገብ ነው ያለው። ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይተፋል። ጥቁር ባልዲ ደግሞ ሥሩን ይቀቅላል። ውሃ ብታፈሺበት አታሸንፊውም።

እንዲህ አድርጊ። ባልዲዎቹን ከሊሾው አንስተሽ ጣውላ ወይም ጡብ ላይ አስቀምጪ፤ ጎናቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዪ። ፊቱን ወደ ምዕራብ ካዞረ አጥር አርቂ፤ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ያግኙ። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ በጣትሽ ነካ ነካ አድርጊ፤ ዱቄቱ እንዲራገፍ ነው።

በቀን ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ማጠጣትሽን ደግሞ ተዪ። ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ጨውም ይጠራቀማል። ባልዲው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ካየሽ እሱ ነው። ጠዋት በማለዳ አንዴ፣ ከታች እስኪወጣ አጠጪ። ለመሬቱ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃል።

መልስ (ከኩዌት የተመለስኩ)

እህቴ፣ እኔ ኩዌት 6 ዓመት ሰርቻለሁ። እዚያ በሐምሌ ሙቀቱ 50 ይጠጋል፤ የእኛ አዳማ ደጋ ነው። የቤቱ አትክልተኛ ቲማቲሙን የሚተክለው በጥቅምት ነበር። ግንቦት ላይ ነቅሎ ይጥለዋል። «ምነው፣ ገና አረንጓዴ ነው እኮ» ስለው ይስቅብኝ ነበር። በበጋ የሚንከባከበው ተምሩንና ሎሚውን ብቻ ነው። አንቺም ጥር ላይ መትከልሽ ነው ስህተቱ፤ አበባው ልክ መጋቢት ላይ ደረሰ። ነሐሴ መጨረሻ አፍይና መስከረም መጨረሻ ላይ ትከዪ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ፍሬ ትይዣለሽ። ለአሁኑ ባሚያ፣ በሶብላና ስኳር ድንች ሞክሪ። እነሱ ሙቀት አይፈሩም።

ለውሃው ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ብሺና ገልብጠሽ ከሥሩ አጠገብ ቅበሪ። ትንሽ ገንቦ መቅበርም ይሆናል፤ ሸክላው ራሱ ቀስ እያለ ያረጥባል። እኔ ያረጀ ጀበና ቀብሬ ሞክሬ ነበር፤ ጠብታ አልወጣውም። የስንት ዓመት ቡና ደፍኖታል መሰለኝ።

መልስ (ባለሦስት ልጆች እናት)

የአትክልትና የሩዝ እጣቢ አትድፊ፤ ለቆስጣው ነው። የልብስ እጣቢ ግን በረኪና ከገባበት ይቅርብሽ፤ እኔ ጤና አዳሜን የገደልኩት በእሱ ነው።

ቤቱን ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ መጋረጃውን ዘግተሽ፣ ማታ ሲነፍስ ክፈቺው። ኮርኒስ ከሌለው ብዙ አትጠብቂ፤ ቆርቆሮ ያው ቆርቆሮ ነው። መስኮቱ ላይ ወንፊት ሳታስደርጊ ግን አትክፈቺ፤ እዚህ ወባ አለ። ሮቶና በርሜልሽንም ክደኚ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪ ደሀር የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ በቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትፈለፈል ናት።

ጠያቂዋ (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ውጤቱን ልንገራችሁ። ሁለት ባልዲ ሞቷል፤ ስገለብጠው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ሸቷል። ያጠጣሁት ውሃ ነው የገደለው። ቀሪዎቹን ጣውላ ላይ አወጣሁ፤ ጆንያም ወጠርኩ። አንዱ ላይ አውራ ጣት የምታክል 3 ፍሬ ይዟል! ቆስጣው አሁንም ይተኛል፤ እኔ ግን መደንገጥ ትቻለሁ። ሮቶው 5 ቀን ቆየ። ባለቤቴ ጆንያውን አይቶ «ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

የባሚያ ዘር ግን ሱቅ ሱቅ ዞሬ አጣሁ።

መልስ (ከኩዌት የተመለስኩ)

እኔ ጋ ደርቆ የተቀመጠ አለ። ቅዳሜ ፖስታ ቤት ጋ እንገናኝ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ነው የምትዘሪው፤ ልጡ ጠንካራ ነው።

ጠያቂዋ

እሺ። ቡና በኔ ነው።