የሰፈራችን ቦይ ለምንድነው በጀት የማያገኘው? (ድሬዳዋ)

የደቻቱ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ድሬዎች። ሰፈራችን ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ከመንገድ ተመልሶ ግቢ ይገባል። ቦይ ይሠራልን ብለን ፊርማ አሰባስበን ስናመለክት ሦስት ዓመታችን፤ መልሱ ሁሌ «በዕቅድ ተይዟል» ነው። ይኸውላችሁ አምና አስፋልቱ ዳር ደህና የነበረው የእግረኛ መንገድ ፈርሶ እንደ አዲስ ተነጠፈ። ገንዘቡ የት እንደሚውል የሚወስነው ምንድነው? በየት በኩል ብንሄድስ ይሻለናል?

ጡረተኛው
በጀት ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት፣ ልንገርህ። መጀመሪያ የገንዘቡን ምንጭ እወቅ። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። የፌዴራል ድጎማ አለ፣ ራሷ የምትሰበስበው ግብርና የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለ፣ ብድርና ዕርዳታም አለ። ከዚህ ላይ ደመወዝ ቀድሞ ይነሳል፤ ደመወዙ የቀረበት መምህር በማግስቱ ይጮሃል፣ ያልተሠራ ቦይ ግን እስከ ክረምት ድምፅ የለውም። ቀጥሎ ተጀምረው ያላለቁ ሥራዎች፤ ውል ስላለባቸው መክፈል ግድ ነው። ለአዲስ ጥያቄ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አንዳንዱ ገንዘብ ደግሞ ከነገመዱ ይመጣል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄደው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ከተሞችን በየዓመቱ እየመዘነ ነበር የሚለቀው፤ ለመሠረተ ልማት እንጂ ለደመወዝ አይነካም ነበር። ስለዚህ ያ የእግረኛ መንገድ የእናንተን ቦይ በልቶ ላይሆን ይችላል።

ገንደቆሬ
ወሪያ፣ ጊዜውን እዩት! በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። እኛ ቦይ ትዝ የሚለን ደግሞ ሐምሌ ላይ፣ ውኃው አልጋ ሥር ሲገባ። ያኔ ድልድሉ አልቋል። እኛ ሰፈር ሁለት ዓመት ከለፋን በኋላ በየካቲት ሄድን፤ ባለሙያ መጥቶ ለካ፣ የዋጋ ግምት ወጣ። ከነዋሪው የሚዋጣውንም በጽሑፍ አያይዘን አስገባን። ፊርማ ብቻ ስናስገባ መልስ እንኳ አላገኘንም ነበር።

ከዚራ ነኝ
አቦ ወረቀት ወረቀት አትበሉ። የሚመረጠው የሚታይ ነገር ነው። ለቦይ ሪባን የሚቆርጥ ማን አለ? በ1998 ክረምት ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ነው የወንዙ ዳር ግንብ የሁሉም አጀንዳ የሆነው። ውኃው የሚመጣው ከደጋው ነው፤ ድሬ ጠብ ሳይል ሊሞላ ይችላል። ይህን ማን ሳያውቅ ቀርቶ?

ጡረተኛው
አልክድህም፣ የሪባኑ ነገር እውነት ነው። የደቻቱ ልጅ ግን አንድ ነገር ንገረኝ፦ አሮጌ ቦይ አላችሁ ወይስ ጭራሽ የለም?

የደቻቱ ልጅ
አለ፤ ግን በአሸዋና በፕላስቲክ ተደፍኖ መንገድ መስሏል። (ጋሼ ልበልህ፤ አንቱታው ለድሬ አፍ አይመችም።)

ጡረተኛው
እንግዲያ ሦስት ዓመት የተሳሳተ በር ስታንኳኳ ነበር። አዲስ ቦይ የካፒታል፣ ማለትም የግንባታ በጀት ነው፤ ጠረጋና ጥገና ግን ከመደበኛው፣ ከዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃው በጀት ይወጣል፣ ጨረታም ምናልባት አያስፈልገውም። ጥያቄህን ለሁለት ክፈለው። የጠረጋውን አሁኑኑ፣ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ አስገባ። የአዲሱን ገንደቆሬ እንዳለው ከነዋጋ ግምቱ ለየካቲት አዘጋጅ።

የደቻቱ ልጅ
ገባኝ ጋሼ። የጠረጋውን ደብዳቤ ኮሚቴው ይጻፈው ወይስ ቀበሌው?

ገንደቆሬ
ኮሚቴው ይጻፍ፣ ቀበሌው በሸኚ ደብዳቤ ይላክላችሁ። ቁጥርና ቀን የሰፈረበትን ቅጂ ሳትይዝ እንዳትወጣ! የእኛ የመጀመሪያው እንደዚያ ነው የጠፋው።

የደቻቱ ልጅ
ሰኞ ጠዋት እዚያ ነኝ። የተደፈነውን ፎቶ አንስቼ አብሬ አያይዛለሁ።