ተማሪዬን ፍቅረኛዋ ይመታታል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ አዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካውንስለር ነኝ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አለች፣ 16 ዓመቷ ነው፣ ፍቅረኛዋ 12ኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ የቴሌግራም ፓስዎርዷን ተቀበላት፣ ከዛ ከጓደኞቿ ጋር እንዳትቀመጥ ከለከላት፣ አሁን ደሞ በጥፊ ይመታታል፣ ልለይህ ስትለው ፎቶሽን እለቀዋለሁ ይላታል። እሷ ግን ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው ነው የምትለኝ። ቤት ከሰሙ ከትምህርት ያስቀሩኛል ብላ እያለቀሰች ለመነችኝ። ዳይሬክተሩ ሁለቱንም ጠርተሽ አስታርቂያቸው አለኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
እህቴ በፍፁም እንዳታስታርቂያቸው!! እሱ ፊት ቁጭ ብላ እውነቱን አትናገርም፣ ብትናገር ደሞ ሲወጡ በር ላይ ይጠብቃታል። እርቅ ለተጣላ ሰው ነው፣ ይቺ ልጅ ፈርታ ነው ያለችው። ለብቻዋ አናግሪያት፣ ቶሎ ብለሽም ተይው አትበያት፣ እኔ ያየኋቸው ልጆች ተይው ሲባሉ ለሱ ጠበቃ ይሆኑና ካንቺም ይርቃሉ። ስልክሽን ሲያይ ምን ይሰማሻል፣ መቼ መቼ ነው የምትፈሪው ብለሽ ጠይቂያት። ልትለየው ስትወስን ያለው ጊዜ ነው ከሁሉም አደገኛው፣ ስለዚህ ከማን ጋር ወደ ቤት እንደምትሄድ፣ ለማን እንደምትደውል ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መልስ 2፦
መልእክቶቹን እንዳታጠፋ፣ ስክሪንሾት አድርጋ ለምታምነው ሰው ትላክና ስክሪንሾቱን ብቻ ከሷ ስልክ ላይ ታጥፋው፣ ፓስዎርዷን ተቀብሏታል ብለሻልና እንዳያየው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀፅ 13 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት ይመለከታል። የኢትዮጵያ ሴት የህግ ባለሙያዎች ማህበር በነፃ ያማክራሉ፣ ሂዱ።

መልስ 3፦
ነርስ ነኝ። አስገድዷት ያውቅ እንደሆነ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፣ ከተደፈረች የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ድርጊቱ ከተፈፀመ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ጋንዲ ሆስፒታል ህክምናውንም ፖሊሱንም አንድ ቦታ ታገኛለች። ለማንም አልናገርም ብለሽም ቃል አትግቢላት፣ ልጅ ናት። ከቤተሰብ ማን ይሻልሻል በያት፣ አባት የሚያስፈራ ከሆነ አክስት ትኖራለች።

ጠያቂዋ፦
አክስት አለቻት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁስ ግን? እሱም እኮ ተማሪዬ ነው።

መልስ 1፦
እሱንም መርዳት ያስፈልጋል፣ ግን አንቺ አትያዢው፣ ሌላ መምህር ይያዘው። እሷ ከአክስቷ ጋር ተነጋግራ ሳትጨርስ ደሞ ማንም እንዳይጠራው፣ ተናገረችብኝ ብሎ እሷ ላይ ነው የሚወጣው።