የድሮ የእንግሊዝ የፍቅር ኮሜዲ ልታዩ ካሰባችሁ ከየቱ ይጀመር?

የ1930ዎቹን (በፈረንጆቹ) የእንግሊዝ የፍቅር ኮሜዲ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው የምጠቁመው «ፒግማሊዮን»ን ነው፤ የ1938ቱን። የበርናርድ ሾው ቴአትር ነው፤ ሾው በፊልም ጽሑፉ ኦስካር ወስዶበታል። ሌስሊ ሃዋርድ የቋንቋ ሊቁ፣ ዌንዲ ሂለር አበባ ሻጯ ናቸው። ሰውዬው አነጋገሯን ላስተካክል ብሎ አፏን በብይ ይሞላዋል። አንዱን ዋጥኩት ብላ ስትደነግጥ፣ ግድ የለም፣ ሌላ ሞልቷል ይላታል። የሻይ ግብዣው ደግሞ ሌላ ነው። በተሞረደ የጨዋ አነጋገር የአክስቷን አሟሟት እያነሳች የሰፈር ሐሜት ትዘከዝከዋለች። ቅር የሚለኝ መጨረሻው ብቻ ነው። ሾው ሁለቱ እንዲጣመሩ አልፈለገም፣ ፊልሙ ግን ወደዚያው ያዘነብላል። በዚህ እኔ የሾው ወገን ነኝ።

ቀለል ያለ ነገር ካማራችሁ «ዘ ዲቮርስ ኦፍ ሌዲ ኤክስ» አለ። እሱም የ1938 ነው፣ ያውም ባለቀለም። ለንደንን ጭጋግ ውጧት እንግዶች ሆቴል ይታጎራሉ። ሜርል ኦበሮን የጠበቃውን የሎረንስ ኦሊቪየርን ክፍል ሰተት ብላ ገብታ አልጋውን ትቀማዋለች። በማግስቱ አንድ ሎርድ «ሚስቴ እዚያ ሆቴል ከወንድ ጋር አድራለች፣ አፋታኝ» ብሎ እሱው ዘንድ ይመጣል! ኦሊቪየር ጩኸት ያበዛል። ሎርዱን የሚጫወተው ራልፍ ሪቻርድሰን ግን አንጀት ያርሳል።

ዘፈንና ዳንስ ለሚወድ የጄሲ ማቲውስ «ኤቨርግሪን» (1934) ይሻላል። ልጅ የእናቷን ስም ይዛ መድረክ ትወጣለች። ታሪኩ አያሳምንም፣ ዳንሱ ግን ይክሰዋል።

የዳይሬክተሩን የሂችኮክን «ሪች ኤንድ ስትሬንጅ» (1931) ለጀማሪ አልመክርም። ባልና ሚስት ገንዘብ እጃቸው ሲገባ በመርከብ ዓለምን ሊዞሩ ይወጣሉ፣ ትዳሩም ይናጋል። ድምፅ ገና መግባቱ ስለነበር ብዙው ቦታ ድምፅ አልባ ፊልም ይመስላል። ባልየው ከሥራ ሲወጣ ጃንጥላው አልዘረጋ ሲለው ግን ያለ አንድ ቃል ያስቃል። ሚስቲቱ ጆአን ባሪ ናት። በ1929 የሂችኮክ «ብላክሜይል» ፊልም ሲቀረጽ፣ ዋናዋ ተዋናይ አኒ ኦንድራ እንግሊዝኛዋ የውጭ ሰው ስለሚመስል፣ እሷ አፏን ስታንቀሳቅስ ከካሜራው ውጭ ማይክ ላይ ሆና የምትናገርላት ጆአን ባሪ ነበረች። ድምፅ በኋላ መደረብ ገና አልተለመደማ! እዚህ በራሷ ፊት ስትናገር ማየት ደስ ይላል።

ስለ ኮፒው፦ ዩቲዩብ ላይ በነፃ የሚገኙት ብዙዎቹ ካረጀ ኮፒ የተቀዱ ናቸው፣ ድምፃቸው ይንሿሿል። ለሌሎቹ ምንም አይደል። «ፒግማሊዮን» ግን ጨዋታው አነጋገሩ ላይ ስለሆነ፣ የድሮ ፊልሞችን በጥራት የሚያወጣው ክራይቴሪዮን የተባለ ኩባንያ ያወጣውን ዲቪዲ ፈልጉ። አውቶማቲክ ሰብታይትሉንም አትመኑት፣ የለንደን ሰፈር እንግሊዝኛ ላይ ይቀባጥራል።