የጉልት ማስታወሻ ላይ ዓመቱና ወንጌላዊው አልገጥም አሉኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

«ታሪክና ግእዝ መማር ምን ይጠቅማል?» ለሚሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እዚህ ጎንደር የንባብ ልምምድ እያዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። በብራና ኅዳግ የተጻፈው የጉልት (ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት) ማስታወሻ «7187 ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠር)፣ ዘመነ ማርቆስ» ይላል። 5500 ሲቀነስ 1687 ዓ.ም. ይመጣል፤ የአፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ (ቀዳማዊ ኢያሱ) ዘመን ነው፣ እስከዚህ ልክ ነው። ችግሩ፣ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ስለሚፈራረቁ ወንጌላዊው የሚታወቀው ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል በሚተርፈው ነው፤ 7187 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 3 ደግሞ ሉቃስ ነው። ለማርቆስ 2 መትረፍ አለበት፣ ማለትም 7186። በደበዘዘ ቀለም ፮ (6) እና ፯ (7) በቀላሉ ይምታታሉ (ተማሪ ይህን በዓይኑ ቢያይ ምንኛ በወደድኩ)። ወንጌላዊውን የሳተው ጸሐፊው ራሱ ቢሆንስ? ዕለትና ቀን አልተጻፈም፤ የምስክሮቹ ስምና ሹመት ብቻ አለ። የመሬት መብት ጉዳይ ስለሆነ በግምት ማለፍ አልፈልግም። ሹመቶቹን ከንጉሡ ዜና መዋዕል ጋር ማመሳከር አንዱን ዓመት ለመለየት ይበቃል? ወይስ መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉ የኋላ ግልባጭ አለመሆኑን ላጣራ?