ፒ0171 በሱሉልታ፦ ኦክስጅን ሴንሰር ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ልፈትሽ?

ከሱሉልታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2003 ኮሮላ 1.6 ነው፤ ሞተሩ 3ዜድዜድ፣ ከአውሮፓ የገባ። ክሩስኮቱ ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በርቷል። በብሉቱዝ ኮድ ሪደር ሲነበብ የሚወጣው ፒ0171 (አየር በዝቷል ወይም ቤንዚን አንሷል የሚል ኮድ) ብቻ ነው። አንድ ጋራዥ «የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሱሉልታ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ኮዱን አጥፍተህ ንዳ» ይላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የተነበበው ይኸው፦

በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፦ አጭር ትሪም (ኮምፒውተሩ አሁን የሚጨምረው ቤንዚን፣ በመቶኛ) +6፣ ረጅም ትሪም (የለመደው ጭማሪ) +19
በ2,500 ዙር፦ አጭር +2፣ ረጅም +6
ማፍ (የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር) በሚኒሞ፦ 1.7 ግራም በሰከንድ
የውሃ ሙቀት፦ አስፋልት ላይ ከ68 ዲግሪ አያልፍም
ቮልቴጅ፦ 13.9

ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። ብር ከማውጣቴ በፊት ምን ልይ?

ካቻቢቴ

ሴንሰሩን አትግዛ። ፒ0171 ስለ ሴንሰሩ መበላሸት የሚናገር ኮድ አይደለም። ሴንሰሩ ጭሱ ውስጥ ትርፍ ኦክስጅን እያየ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ ሊያካክሰው ሞክሮ ገደቡ ላይ ሲደርስ መብራቱን አበራ። ያለህ መረጃ ይኼ ብቻ ነው። ትርፍ አየር ከየት ገባ፣ ወይም ቤንዚን ለምን አነሰ የሚለውን የምታገኘው ከኮዱ ሳይሆን ከጻፍካቸው ቁጥሮች ነው።

የከፍታውን ወሬ ተወው። ከፍታ የሚያስቸግረው ካርቡራተር ያለውን መኪና ነው፤ እንደ ድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ያለው አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ያንተ መኪና ማፍ አለው፤ ማፍ የሚመዝነው የገባውን አየር ክብደት ነው፣ ስለዚህ ሱሉልታም ሆነ ጅቡቲ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይሰጣል። በከፍታ የሚቀንሰው ጉልበት ነው። ከፍታ ፒ0171 ቢያመጣ ኖሮ እንጦጦን የሚወጣ መኪና ሁሉ መብራቱ በበራ ነበር።

አሁን ትሪሙን ደምር። በሚኒሞ 25፣ በ2,500 ዙር 8። ድምሩ ከ10 በታች ሲሆን ደህና ነው፤ 20ን ካለፈ ችግር አለ። ያንተ በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር መውረዱ ከማፍ በኋላ አየር የሚሰርቅ ቀዳዳ እንዳለ ያሳያል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በቀዳዳው የሚገባው ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ዙር ሲጨምር ቀዳዳው ያው ነው፣ የሚሳበው አየር ግን ይበዛል፤ የስርቆቱ ድርሻ ይመነምናል። የማፍህ ቁጥርም ያንኑ ይደግፋል፤ 1.6 ሞተር በሚኒሞ 2 ግራም አካባቢ ቢያሳይ ይጠበቃል፣ የጎደለው በሌላ በር እየገባ ነው።

ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም በሚኒሞ ደህና ሆኖ ሲጫን ትሪሙ የሚወጣ ቢሆን፣ የነዳጅ ፖምፓ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ ማፍ ይጠረጠር ነበር። በጀሪካን ቤንዚን የሚቀዳለት መኪና ላይ እሱ ነው የሚበዛው።

ቀዳዳውን በዚህ ቅደም ተከተል ፈልገው፦ ከአየር ፊልትሮ ሳጥን እስከ ትሮትል (የአየር መግቢያው በር) ያለው ጎማ ቱቦ። እጥፋቱን በእጅህ ዘርጋው፤ የሚሰነጠቀው ከሥሩ ነው፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ቀጥሎ ከቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ወደ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) የምትሄደው የፒሲቪ ቱቦ፣ ማለትም የሞተሩን ጋዝ መልሳ የምታስገባው፤ ዘይት ስለሚነካት ጫፏ ይለሰልሳል። የፍሬን ሰርቮ ቱቦ። የዘይት መሙያ ክዳን ጎማና የዘይት መለኪያ ዘንግ፤ ብዙ ሰው አያምንም እንጂ ክዳኑ ካልገጠመ ማፍ ያልቆጠረው አየር በፒሲቪ በኩል ይገባል። በመጨረሻ የኢንቴክ (የአየር መግቢያው) ማኒፎልድ ጋስኬት። እኔ የምወራረደው በዚህኛው ነው። በዜድዜድ ሞተሮች ላይ የታወቀ ድክመት ነው፤ ጋስኬቱ ሲያረጅ በብርድ ይኮማተርና አየር ያሳልፋል፣ ሲሞቅ ይነፋና ክፍተቱ ይጠባል። የሱሉልታ ጠዋት ደግሞ ታውቀዋለህ።

68 ዲግሪው ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ቴርሞስታቱን (ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው) አውጥቶ ጥሎታል፣ ወይም ክፍት እንደሆነ ቀርቷል። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታት ማውጣት እዚህ አገር ልማድ ሆኗል፤ ያሞቀው ግን ብዙ ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የማይዞር ፋን ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱም ውሃና ቤንዚን ይዞ ይቆያል። 82 ዲግሪ የተጻፈበት ግዛ። ትንሿ የአየር መውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። ከዚያ በሪደሩ እያየህ አስነሳው፦ ሙቀቱ ሳይቆም እስከ 80ዎቹ ይወጣል፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ትንሽ ይወርዳል፣ ከዚያ ከ82 እስከ 92 መካከል ይቀመጣል። ፋኑ 95 አካባቢ ሲደርስ ካልተነሳ ቆም በል።

ባለ ቴስተር

ካቻቢቴ ካለው ጋር እስማማለሁ። አፈታተሹን ልጨምር፣ እዚህ ላይ ሰው መኪና ያቃጥላል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳ፤ የጭስ ማኒፎልዱ ሳይግል። ሪደሩ ላይ አጭር ትሪሙን በግራፍ ክፈት። የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ በቀጭኑ ቱቦ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ርጭ፣ ከቦቢናዎችና ከጭስ መውጫው ርቀህ፤ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይሁን። ማኒፎልዱ ከቴስታታ የሚገናኝበትን መስመር ሲሊንደር በሲሊንደር ሂድ፣ በየመካከሉ አሥር ሰከንድ ጠብቅ። ቀዳዳው ጋ ስትደርስ ስፕሬዩ እንደ ነዳጅ ይገባል፤ ትሪሙ ከ+6 ወደ −10 ወይም ከዚያ በታች ሲወድቅ ታያለህ። በጆሮ ብቻ የሚፈትሽ መካኒክ የሚያመልጠው ይኼ ነው፤ ኮምፒውተሩ ዙሩን ስለሚያስተካክል ድምፁ ላይለወጥ ይችላል። እሳቱን የሚፈራ ሰው ውሃ በመርጫ ይሞክር፤ ቀዳዳው ለአፍታ ይደፈንና ሚኒሞው ይለወጣል፣ ግን ትንንሽ ቀዳዳ ላይ እምብዛም አይረዳም።

ኦክስጅን ሴንሰሩ ጤነኛ መሆኑንም በዚያው ስፕሬይ ማረጋገጥ ትችላለህ። ሞተሩ ሞቆ የፊተኛው ሴንሰር ቮልቴጅ ከ0.1 እስከ 0.9 እየወጣ እየወረደ መሆን አለበት። 0.1 ላይ ከቆመ ወደ አየር ቱቦው ትንሽ ርጭ፤ ወዲያው ወደ 0.8 ከዘለለ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ ያየውን ነው የተናገረው። ካልተንቀሳቀሰ ያኔ ስለ መቀየር እናውራ። ኮዱ ፒ0135 ቢሆን ደግሞ የሴንሰሩን ማሞቂያ በኦሜትር ለካ፤ በቀዝቃዛው ከ11 እስከ 16 ኦም ካሳየ ማሞቂያው ደህና ነው፣ ፊውዝና ሽቦ ፈልግ።

ማፉን ስታጸዳ የማፍ ስፕሬይ ብቻ ተጠቀም። በጨርቅ አትንካው፣ በኮምፕሬሰር አየርም አትንፋው፤ ውስጡ ያለችው ሽቦ ከፀጉር ትቀጥናለች። የአቧራ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው የአየር ፊልትሮውን በነፋ ቁጥር ጫፉ ሳጥኑ ላይ በደንብ መቀመጡን ይይ፤ አቧራው ማፉ ላይ የሚደርሰው በዚያ በኩል ነው።

ከፍታው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ማፕ ሴንሰር (የአየር ግፊት የሚለካ) ያለው መኪና የያዛችሁ፣ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩ ሳይነሳ አንብቡ። ኢንተርኔት ላይ «100 ኪሎፓስካል መሆን አለበት» የሚለው ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ 76 አካባቢ፣ አቃቂ 78፣ ሱሉልታ 73 ገደማ ነው የሚያሳየው። 73 አይቶ ጤነኛ ሴንሰር የሚጥል አለ።

አዲስ ገቢ ከሰበታ

ይቅርታ መሐል ገባሁ። የ1998 ኮሮላ ላይ የብሉቱዝ ኮድ ሪደር አልገናኝ አለ። ሪደሩ የሚሰካበት ሶኬት ግን ባለ 16 ቀዳዳ ነው። ሪደሩ ነው ወይስ መኪናው?

ካቻቢቴ

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። «2.1» ተብለው የሚሸጡት ርካሽ ኢኤልኤም 327 ሪደሮች ብዙዎቹ በድሮ መኪና ኬ-ላይን (የድሮው የመገናኛ መስመር) ላይ አይሠሩም፤ አዲስ መኪና ላይ ይሠራሉ፣ ስለዚህ ሻጩ በራሱ መኪና ሞክሮ ያሳይሃል። «1.5» የሆነውን ጠይቅ፣ ወይም ስልክ የማይፈልገውን ባለ ሽቦና ባለ ስክሪን ግዛ፤ ለድሮ መኪና እሱ ይሻላል።

የሪደሩ መብራት ጭራሽ ካልበራ ግን 16ኛው ቀዳዳ ላይ 12 ቮልት የለም ማለት ነው፤ ፊውዙን እይ። ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ «ኦቢዲ» የተጻፈበት 7.5 አምፔር አለ፤ ሌሎች መኪኖች ላይ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጋር የሚጋሩት አሉ።

መብራቱ በርቶ ካልተገናኘ መኪናው ቋንቋውን አያውቅም ይሆናል። ኦቢዲ2 (ሪደሩ የሚያነበው ቋንቋ) አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው በ1996 ሞዴል ነው፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና በ2001። ለባሕረ ሰላጤው የተሠራ የ1998 መኪና ሶኬቱ 16 ቀዳዳ ቢኖረውም ኦቢዲ2 ላይሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሪደር አያስፈልግህም፤ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ፣ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኝ። 16ኛውን እንዳትነካ፤ ቀጥታ የባትሪ ኃይል ነው። ኮፈን ሥር ጥቁር ሳጥን ያለው ከሆነ ደግሞ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፦ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ከሆነ ኮድ የለም፤ ሁለት ብልጭታ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አንድ ብልጭታ ከሆነ 21 ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር። 22 የውሃ ሙቀት፣ 24 የአየር ሙቀት፣ 31 የአየር መለኪያው፣ 41 ትሮትል፣ 52 የኖክ ሴንሰር። ቀጥታ ቁጥር (ትሪም፣ ማፍ) በዚህ መንገድ አታገኝም፤ ለዚያ ቴስተር ነው።

ከሱሉልታ (ጠያቂ)

ጠዋት በቀዝቃዛው ተረጨ። ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ አጭር ትሪሙ ወደ −14 ወረደ፣ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ያው ነው። ቱቦዎቹ ደህና ናቸው። ኮዱን አሁን ላጥፋ?

ባለ ቴስተር

አታጥፋ። መጀመሪያ ፍሪዝ ፍሬሙን (ኮዱ ሲመዘገብ የተያዙትን ቁጥሮች) ፎቶ አንሳ፤ ኮዱን ስታጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ባትሪ ብትነቅልም እንዲሁ። ጋስኬቱን ሶማሌ ተራ ስትፈልግ በመኪናው ዓመት አትጠይቅ፣ በሞተር ቁጥር ጠይቅ። ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ከሆነ ጋስኬቱ ጎድጓዳው ውስጥ የሚቀመጥ ጎማ ነው፤ ሲሊኮን አትቀባው። ሁለቱንም ፊት በደረቅ ጨርቅ አጽዳ፣ ቡለኖቹን ከመካከል ወደ ጫፍ በሁለት ዙር አጥብቅ፣ ፕላስቲክ ነውና አታስገድደው።

ከገጠመ በኋላ ኮዱን አጥፋና ከቀዝቃዛ አስነስተህ ከተማና አስፋልት ቀላቅለህ ሃያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ንዳ። መብራቱ ወዲያው ስላልበራ አትደሰት፤ ይህ ኮድ በሁለት ጉዞ የሚመዘገብ ነው። ሪደሩ ላይ «ፔንዲንግ» (ገና ያልጸና ኮድ) የሚለውን ገጽ ክፈት፣ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚታየው። በሚኒሞ የሁለቱ ትሪም ድምር ከ8 በታች ከወረደ ጨርሰሃል። ከ12 በላይ ከቀረ አንድ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ፒሲቪዋን በጣትህ ዝጋና ትሪሙ መውረዱን እይ። ሪደሩንም ማታ ማታ ነቅለህ ግባ፣ ተሰክቶ ካደረ ባትሪ ይበላል።