ኮርስ ብስክሌት ማቅለል ለምትፈልጉ፦ ብሩን የት ላይ እናውጣ?

"10 ኪሎ የሚመዝን አሉሚኒየም ኮርስ አለኝ፤ እንጦጦ ላይ ገደለኝ፤ ምን ልቀይር?" ብለህ ለጠየቅኸኝ ወንድሜ፣ መልሱ ስለረዘመ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። አንተ 65 ኪሎ ነህ እንበል፤ ከነብስክሌትህ 75። ዳገት ላይ የምትጎትተው ድምሩን ነው። አንድ ኪሎ ብትቀንስ 40 ደቂቃ የሚፈጅብህ አቀበት በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያጥርልሃል። ደስ ይላል፤ ግን ዕቁብ የሚያስበላ አይደለም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ራሱ ለውድድር ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም።

እኔ ብሆን ከጎማ እጀምራለሁ። መርካቶ በብዛት የምታገኘው ጠርዙ ላይ ሽቦ ያለውን የማይታጠፍ ጎማ ነው፤ አብዛኛው አንዱ ብቻ ከ300 ግራም ያልፋል። የሚታጠፈው ኮንቲኔንታል ጂፒ 5000 በ25 ሚሊ ሜትር ስፋቱ 220 ግራም አካባቢ ነው። ከክብደቱ ይልቅ አሯሯጡ ነው የሚገርምህ። ተጠቅልሎ ጫማ ውስጥ ስለሚገባ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለሚመጣ ዘመድ "ያዝልኝ" ለማለት አያሳፍርም።

ከመነዳሪ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ተራው ጥቁሩ 100 ግራም ገደማ ነው፤ ቲፒዩ የሚባለው ስስ ፕላስቲክ 40 እንኳን ላይሞላ ይችላል። እኔ ገዝቼ በሳምንቱ ተበሳብኝ። ጎሚስታው እንደለመደው በሞረድ ፈተግ ፈተግ አደረገው፣ ማስቲሽ ቀባው፣ ለጠፈው። ሲነፋ ልጣፉ እንደ ቴምብር ተላቀቀ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ቲፒዩ የራሱን ልጣፍ ይፈልጋል። ፍሬንህ ቸርኬውን የሚጨብጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከእንጦጦ ስትወርድ የሚፈጠረውን ሙቀት አስብ፤ አንዳንዱ ቲፒዩ ለዲስክ ፍሬን ብቻ ነው የተሠራው። ስለዚህ ጎማው ውስጥ 75 ግራም የሆነውን ቀለል ያለ ጥቁር አድርግ፤ ቲፒዩውን ለመጠባበቂያ ኪስህ ውስጥ ያዝ።

ቀጥሎ ቸርኬ፣ ከነሽቦው ከነሞዞው (ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበት መሃለኛው ክፍል)። ርካሽ ብስክሌት ላይ የሚመጣው ጥንዱ 2 ኪሎ አካባቢ ነው። ካምፓኞሎ ዞንዳ 1,550 ግራም ገደማ፣ አሉሚኒየም ነው፣ ጉድጓድም ይችላል። ያገለገለ ካገኘህ አትለፈው፤ መቀሌ የሚጋልብ ወዳጅ ካለህ ጠይቀው። ስትገዛ የኋላው ሞዞ ለሺማኖ ማርሽ የሚሆን መሆኑን አረጋግጥ። የካርቦን ቸርኬ በሚጨብጥ ፍሬን? ለእኛ ቁልቁለት አልመክርም።

ማርሹንና ፍሬኑን በሺማኖ ደረጃዎች ከቲያግራ ወደ 105፣ ከ105 ወደ አልቴግራ ማሳደግ ብዙ ብር ለጥቂት መቶ ግራም ነው። እርሳው።

የካርቦን መሪና የኮርቻ ዘንግ ስም የሌለው ከሆነ በነፃም አልወስድ። ስም ያለውም ቢሆን ማን ያጥብቀው ነው ጥያቄው። አንድ ጋራዥ የኮርቻዬን ዘንግ በተራ ቁልፍ ጨክኖ ሲያጠብቀው "ቀው" ሲል ሰማሁት። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ። ብዙዎቹ ላይ የሚጠብቁበት ልክ 5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ተብሎ ተጽፎበታል፤ ያንን የሚለካ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ካርቦን አትስጠው። ለጎማና ለሰንሰለት ግን የሰፈር ልጆች ይበቃሉ፤ እጃቸውም ፈጣን ነው።

ደግሞ ሁለት ሙሉ የውሃ ኮዳ ተሸክመህ ነው የምትወጣው፤ አይቼሃለሁ። አንዱ ብቻ 750 ግራም ነው። ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ስንገናኝ ብስክሌትህን እንዳለ አምጣው፤ የሻንጣ ሚዛኔን ይዤ እመጣለሁ።